ከጠመንጃው በፊት ጥይቱ

እንደ ኤአር 15 ያለ ተገጣጣሚ የስፖርት ጠመንጃ በርሜሉ ብቻ ተቀይሮ ከ5.56 ጥይት ወደ 300 ብላክአውት ጥይት ይዞራል፤ ካዝናው ያው ነው። «የትኛው ካሊበር ይሻላል?» የሚለውን ክርክር ባየሁ ቁጥር በዋግ ያለችው አገሬ ሰቆጣ ትዝ ትለኛለች።

በ1888 ዓ.ም. የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጓንጉል ወደ አድዋ ሲዘምቱ የኢትዮጵያ ሠራዊት መሣሪያ ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳዩ ግራስም፣ ሬሚንግተኑም ነበር። በማይጨው ዘመን ማውዘርም ነበር። ውጅግራ የሚጎርሰው 11 ሚሊሜትር ነው፣ ለበል የተባለው ሌላው የፈረንሳይ ጠመንጃ 8፣ ማውዘር 7.92። ጎን ለጎን የተሰለፉ ወንድማማቾች ጥይት መበዳደር አይችሉም ማለት ነው። ለውጅግራ በተሰፋ ዝናር የማውዘር ጥይት ይላላል፤ አንዱ ሲጨርስ የሌላው ሙሉ ዝናር አያድነውም።

ፈረንሳዮች ለበልን በ1886 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ የውጅግራን ቀለህ አፉን አጥብበው ነው ጥይቱን የሠሩት። በኋላም አሮጌ ውጅግራዎችን በርሜል ለውጠው ለዚሁ 8 ሚሊሜትር አዋሏቸው። ብልሃቱ ጥይትን አንድ ማድረግ ነበር።

ስለዚህ በሕግ ተፈቅዶላችሁ ለስፖርት የምትመርጡ ወገኖቼ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ጉልበቱ ከመከራከራችሁ በፊት ጥይቱ በምትኖሩበት አገር ዘወትር መገኘቱን አረጋግጡ። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም።