አይጥ የመረጠው ገጽ

የአክስቴ መልእክት አጭር ነበር፤ «የጋሼን መጻሕፍት አይጥ ሳይጨርሳቸው መጥተህ ውሰዳቸው።» በጎረቤት ልጅ ስልክ ነው ያስደወለችው። ሒሳብ እንዳይበላባት ፈርታ ይሁን ሌላ ምክንያት ኖሯት፣ መልሴን ሳትሰማ ዘጋችው።

ደሴና ገራዶ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ደሴ ከጦሳ ሥር ጉሟን ተከናንባ ስትንቀጠቀጥ፣ ገራዶ ቁልቁል ወርዳ ሜዳዋ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ባዶ ጆንያ አጣጥፈው ታቅፈዋል፤ ሸጠው መመለሳቸው ነው። ጆንያው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ጊዜው የሰኔ መጀመሪያ ስለሆነ ወሬው ሁሉ ዝናብ ነው። «ይጥላል» የሚለውና «ያታልለናል» የሚለው ገራዶ እስክንደርስ አልተስማሙም።

የአክስቴ ባል የጋሼ መጻሕፍት የሚኖሩት በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ክዳኑ ከተጣመመ ቆይቷል፤ አይጧም የገባችው በዚያ ነው። አምስት ናቸው፦ መዝሙረ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ ሰይፈ ሥላሴ፣ ድርሳነ ሚካኤልና የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ። አንድ በአንድ እያወጣሁ ደጃፉ ላይ ቁርበት አንጥፌ ደረደርኳቸው። አይጧ ምን ያህል እንዳጠፋች ለማየት ነበር ሐሳቤ። ሳያቸው ግን የአይጧ ጥርስ በዘፈቀደ እንዳልሄደ ገባኝ። መጽሐፍ ቅዱሱን ከነጭራሹ አልነካችውም። ሰይፈ ሥላሴን ቀመስ አድርጋ ትታዋለች። ዳዊቱን ከታች በስተቀኝ ጥጉ ላይ፣ ገጽ የሚገለጥበትን ቦታ ብቻ ቆርጥማዋለች። ድርሳነ ሚካኤል ላይ ስትደርስ ግን ጨክናለች፤ የሰኔን ንባብ ዳር ዳሩን ጨርሳው መሐሉን አስቀርታለች።

ምሥጢሩ ቅቤ ነው። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጋሼ በወር በወሩ፣ በ12፣ ድርሳኑን ሲያነብላት ቆይቶ ሲጨርስ መጽሐፉን ወደ እሷ ያዞርላት፣ እሷም ትሳለም ነበር። ግንባሯን አስነክታ፣ ከዚያ ከንፈሯን። ፀጉሯ ቅቤ ነው፣ ግንባሯ ቅቤ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በሰኔው ገጽ ላይ ያረፈው ቅቤ ወረቀቱን እንደ መስተዋት አሳልፎ የሚያሳይ አድርጎታል። አይጥ ደግሞ ቅቤ ያለበትን ታውቃለች። ስለዚህ በዚያ ቤት ማን ምን ያምን እንደነበር ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ አይጧን ቢከተል አይሳሳትም።

ለመሆኑ ሰኔ 12 ምን ይነበባል? የባሕራን ታሪክ ነው። አንድ ርኅራኄ የሌለው ባለጸጋ፣ የደሃ ጎረቤቱ ልጅ ሀብቱን እንደሚወርስ ይሰማና ሕፃኑን ከእናቱ ገዝቶ በሣጥን ከትቶ ባሕር ላይ ይጥለዋል። ልጁ ተርፎ ያድጋል። ከዓመታት በኋላ ባለጸጋው ያገኘውና ያውቀዋል። አሁን ደግሞ ደብዳቤ ጽፎ ያስይዘውና ወደ ቤቱ ይልከዋል፤ ደብዳቤው የያዘው ሰው እንዲገደል ያዛል። ልጁ የሞት ፍርዱን በገዛ እጁ ይዞ ሲሄድ፣ ቅዱስ ሚካኤል በወታደር አምሳል መንገድ ላይ ያገኘውና ጽሕፈቱን ይለውጠዋል፤ «ግደሉት» የነበረው «ልጄን ዳሩለት» ይሆናል። 

አክስቴን «ለምን ይሄኛው?» አልኳት።

«የተጻፈ ይለወጣላ!» አለችኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እየገረማት። «ጋሼህ የመሬቱ ወረቀት ላይ ስሙ ተሳስቶ የተጻፈ ጊዜ ሁለት ዓመት አይደል የተመላለሰ? ‹አንዴ ከተጻፈ ተጻፈ› አሉት። እኔ ደግሞ ሚካኤልን ‹አንተ የባሕራንን የፋቅህ ይሄ ምን ያቅትሃል› አልኩት። ተፋቀ።»

የትኛው መሥሪያ ቤት እንደነበር እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ እሷም ብትሆን ለሚካኤል እንጂ ለሹሞቹ ምስጋና አላስቀረችም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። አገሩ በሙሉ «የተጻፈ አይቀርም» እያለ በሚኖርበት ቦታ፣ አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት የተጻፈ እንደሚለወጥ አጥብቃ ታምናለች፤ ይህንንም ያስተማራት መጽሐፍ ነው። የነገረ መለኮት ሊቃውንት ስለ እግዚአብሔር ቁርጥ ሐሳብና ስለ ጸሎት ኃይል ስንት ጥራዝ የጻፉበትን ጉዳይ፣ እሷ በአንድ ደብዳቤ ተሻግራዋለች።

ይህን ሳስብ ሐሳቤ ወደ ቦሩ ሜዳ ሄደ። ዛሬ ቦሩ ሜዳ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ሆስፒታሉን ነው። ከደሴ ሽቅብ ወደ ሰሜን ነው፣ ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አስቀምጠው፣ የሃይማኖት ሊቃውንቱን በዚያ ሜዳ አከራከሩ። ጭብጡ የክርስቶስ ልደት ስንት ነው፣ መቀባቱስ ምን ማለት ነው የሚል ነበር። ካሮች ሁለት ልደት አሉ፤ ጸጎች ሦስት አሉ፤ ቅባቶች ደግሞ ለብቻቸው የቆሙበት ነበራቸው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር፣ ሁሉም ወገን የሚገልጠው ያንኑ ሃይማኖተ አበውና ያንኑ ቄርሎስ መሆኑ ነው። ሃይማኖተ አበው በ16ኛው መቶ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ የአባቶች ቃል ስብስብ ነው። ቄርሎስ ከእሱ በብዙ ይቀድማል፤ በአክሱም ዘመን ከግሪክ የተተረጎመ ነው። ያው መጽሐፍ፣ ያው ገጽ፣ ምናልባትም ያው መስመር፤ ሰዎቹ ግን ሦስት ቦታ ቆሙ። በመጨረሻ ሁለት ልደት ረታ፤ እምቢ ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ ተጽፏል።

የወሎ ሙስሊም ደግሞ ያንን ቦሩ ሜዳ በሌላ ዓይን ያስታውሰዋል፤ ተጠመቁ የሚለው አዋጅ ለእሱም ደርሶታልና። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ሆኑ። እኚህ ናቸው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት፣ የልጅ ኢያሱ አባት፣ የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ ባለቤት። እኔ ስለ ቦሩ ሜዳ ባነበብኩ ቁጥር ከክርክሩ ይልቅ የሚከነክነኝ፣ በዚያ ሜዳ ዙሪያ ከነበሩት ገበሬዎች ስንቱ ልደቱን ሲቆጥር ይውል ነበር የሚለው ነው። ትልቁ መጽሐፍ መንግሥት ሲያቆም፣ ከብት ሲያግዱ የዋሉት ማታ እቤታቸው ገብተው የሰሙት ድርሳን ነበር ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ትልቁንና ትንሹን መጽሐፍ በአንድ እጅ የያዘ ሰውም ከዚሁ አገር ወጥቷል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ነው የምለው። ጋስጫ ቦረና ውስጥ ናት፣ ደቡብ ወሎ። ትምህርቱን የተማረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በገድሉ እንደሚነገረው ለሰባት ዓመት ትምህርቱ አልገባ ብሎት፣ ገዳሙ ውስጥ እህል ሲፈጭ ኖሯል። በኋላ ሲገባው ግን ገባው፤ በ1416 ዓ.ም. ገደማ የጨረሰው መጽሐፈ ምሥጢር የመናፍቃንን ትምህርት በየተራ እያነሣ የሚሞግት፣ እስከ ዛሬ ሊቅ የሚፈተንበት ነው። ያው ሰው ደግሞ ለሌሊት ጸሎት ሰዓታትን፣ ለእመቤታችን ውዳሴ አርጋኖንን ደረሰ፤ አርጋኖኑም በሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ ምእመን ከሰኞ እስከ እሑድ ይዞት ይውላል። ምሥጢሩን ለሊቃውንት፣ ሰዓታቱን ለእንቅልፋሞች ማለቱ ይመስለኛል። ወፍጮው ላይ ያሳለፋቸው ሰባት ዓመታት ናቸው መሰለኝ ይህን ያስተማሩት፤ ሲፈጩ መጽሐፍ መግለጥ አይቻልም፣ በቃል የያዙትን ማንጎራጎር ግን ይቻላል።

አክስቴ ሐይቅ እስጢፋኖስን አታውቀውም። ሴት አይገባበትም።

ከጋሼ ሳጥን ያልተነካው መጽሐፍ ቅዱስ ነገር ደግሞ ትንሽ አሳፈረኝ። ንጹሕ ነው፤ ገጾቹ ገና አልተላቀቁም፣ ሲገለጡ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። ልጃቸው ነው ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው፤ እንደ ዕቃ ተከብሮ ኖረ። ይህን ሳይ ኮምቦልቻ ያለው የጴንጤው ወዳጄ ትዝ አለኝ። የእሱ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳን አይጥ እሱም ራሱ በልቶታል። ሽፋኑ በፕላስተር ተይዟል። ሮሜ ምዕራፍ 8 በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በሮዝ ቀለም ተሰምሮ ፊደሉ ራሱ ለማንበብ ያስቸግራል፤ በዳርቻው ደግሞ ቀን ተጽፏል፦ ሥራ ያጣበት ቀን፣ ልጁ የታመመችበት ቀን። እንግዲህ በስፋት ያምናል ብዬ ገልብጬ ዘኍልቍን ብፈልግ፣ እንደ ጋሼው ሁሉ ጠቅ ጠቅ ይላል። ስስቅበት «አንተስ?» አለኝ።

እኔስ? ሃይማኖተ አበውን ከነትርጓሜው ገዝቼ መደርደሪያዬ ላይ አቁሜዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ይታያል። የእኔ እድፍ ያለበትን መጽሐፍ ስፈልግ ግን የማገኘው መልእክተ ዮሐንስን ነው፤ እሱንም ወድጄ አልነበረም። የኔታ ዘንድ ፊደልና አቡጊዳ ያለፈ ልጅ መጀመሪያ የሚይዘው መልእክተ ዮሐንስን ነው። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ትቆጥረዋለህ፤ ቀጥሎ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ትመላለስበታለህ። ቃሉ ተነሽ ነው፣ ወዳቂ ነው፣ ሰያፍ ነው፣ ተጣይ ነው እየተባልክ ስትሳሳት አለንጋው ያርፍብሃል። መልእክቱ ከዳር እስከ ዳር ስለ ፍቅር ነው። ወንድሙን የሚጠላ በጨለማ እንዳለ የሚናገረውን ክፍል፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ በክርን እየወጋሁ ነው የተማርኩት። ግእዙ ስላልገባኝ አልታወቀኝም ነበር። ትርጉሙን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ዜማው ግን ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል። አባቶች ሕፃን መጀመሪያ የሚቆጥረው ነገር ይህ ይሁን ያሉት አውቀውበት ከሆነ፣ ብልሆች ነበሩ። ዛሬም ሰው ሳስቀይም ከማንም ሊቅ ቃል በፊት የሚመጣብኝ የዚያ ንባብ መነሣትና መውደቅ ነው፣ አለንጋውም አብሮ።

ቡናው ሲፈላ የአክስቴ ጎረቤት መጡ። ሙስሊም ናቸው፤ ልጃቸው ደረሳ ሆኖ ኪታብ ሊቀራ ሄዷል። ቁርበቱ ላይ የተደረደሩትን መጻሕፍት አይተው፣ እግራቸው እንዳይነካቸው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዞሩ። ወሬው የት እንደደረሰ ሲሰሙ «ሚካኢል አይደል? እሱማ ዝናቡን የሚያዘው ነው» አሉ። በእስልምና የዝናብ ነገር የሚካኢል ድርሻ ነው።

«እንግዲህ ይዘዘዋ!» አለች አክስቴ፣ ሰማዩን ቀና ብላ እያየች። «አሥራ ሁለት ሊደርስ አራት ቀን ቀረው።»

«ያዘዋል፣ ኢንሻአላህ። አንቺ ብቻ ዝክሩን አታሳንሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ማን የማንን ሚካኤል እንደሚጠራ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ቢቀመጥበት ሌላ ሦስት ወገን ይወጣው ነበር። እዚህ ግን ቡናው ሦስተኛው ደርሶ በረካው ተጠጣ።

መጻሕፍቱን ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ስከት ድርሳነ ሚካኤልን አነሣሁ። አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«ይሄ ይቅር።»

«አይጥ ይጨርሰዋል እኮ።»

«እኔም እጨርሰዋለሁ» አለች።

ማን እንደሚያነብላት ጠየቅኋት። ስልኩን የደወለላት የጎረቤት ልጅ 7ኛ ክፍል ነው፤ ግእዙን ባያውቅም አማርኛውን ያነብላታል። ሲሳሳት ታርመዋለች። የሚጀምርበትን ቦታም በጣቷ ታሳየዋለች፤ ፊደል ሳታውቅ እንዴት እንደምታገኘው ስጠይቃት ቅቤ ያለበትን ገጽ ዳበሰችልኝ።

ከመሄዴ በፊት የሳጥኑን ክዳን በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃናሁት። አራቱን መጻሕፍት ይዤ ወጣሁ። ድርሳኑ ገራዶ ቀረ።