«በሥራ ላይ ነው»፦ ማውንት የተደረገ ምናባዊ ዲስክን ስለ መንቀል

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የሁለት ክረምት የአፈር እርጥበት ንባብ እሰበስብ ነበር። የሁለተኛውን ክረምት ንባብ የያዘው ዳታቤዝ የሚገኘው በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ በተዘረጋ ምናባዊ ዲስክ ላይ ነበር። ሊኑክስ እንዲህ ያለውን ፋይል በሉፕ ዲቫይስ አማካይነት እንደ ዲስክ ስለሚቆጥረው፣ ማውንት አድርጎ መሥራት፣ ሲያስፈልግም አንዱን ፋይል ገልብጦ መላውን ዲስክ ማዛወር ይቻላል።

አንድ ምሽት ፋይሉን ወደ ውጫዊ ዲስክ ላዛውር ስነሣ፣ የአንማውንት ትዕዛዙ «በሥራ ላይ ነው» ሲል መለሰልኝ። ማን እንደያዘው አልጠየቅሁም። ትዕዛዙን «ሌዚ» ከተባለው አማራጭ ጋር ደገምሁት፤ ተቀበለኝ። ሉፕ ዲቫይሱን እንዲነቅል ያዘዝሁትም ያለ ስሕተት መልእክት አለፈ። ፋይሉን ገለበጥሁ፣ ዋናውን ሰረዝሁ፣ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። በማግስቱ በቅጂው ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ሊከፈት አልቻለም።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሌዚ አንማውንት ፋይል ሲስተሙን ከማውጫዎች ዛፍ ላይ ብቻ ይለየዋል፤ አስቀድሞ ፋይል የከፈተ ፕሮግራም መጻፉን ይቀጥላል። ከሊኑክስ 3.7 ወዲህ ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ሉፕ ዲቫይስ ንቀል ሲባል ስሕተት አይመልስም፤ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲለቅቀው እንዲነቀል ምልክት ያደርግበታል። ስለዚህ ሁለቱም ትዕዛዞች የሰጡኝ የተፈጸመ ተግባር ሳይሆን ቀጠሮ ነበር። በዚያች ሰዓት የመሰብሰቢያው ፕሮግራም ዳታቤዙን እንደገና እየጻፈ ነበር፤ ከተጻፈውም ገና በማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለ፣ ወደ ፋይሉ ያልወረደ ነበረበት። ቅጂዬ የተለያዩ ቅጽበቶች ድብልቅ ሆነ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። የሰረዝሁት ፋይል ስሙ ቢጠፋም፣ ሉፕ ዲቫይሱ እስከያዘው ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩን ከማጥፋቴ በፊት ቅጂውን ብፈትሽ ኖሮ፣ ከዲቫይሱ ላይ መልሼ መገልበጥ እችል ነበር።

አሁን የምከተለው ቅደም ተከተል አጭር ነው። በ«ፊውዘር» ወይም በ«ኤልኤስኦኤፍ» ዲስኩን የያዘውን ፕሮግራም እለያለሁ፤ በሥርዓቱ አቆመዋለሁ፤ ያለ ሌዚ አማራጭ አንማውንት አደርጋለሁ፤ ዲቫይሱን ነቅዬ ከሉፕ ዝርዝር ውስጥ መውጣቱን አረጋግጣለሁ። ከዚያ በኋላ እገለብጣለሁ። ቅጂው ተከፍቶ ሳይመረመር ዋናው አይሰረዝም። ፕሮግራሙን ማቆም በማይቻልበት ጊዜ «ኤፍኤስፍሪዝ» ፋይል ሲስተሙን ለጊዜው ያግደዋል፤ በማህደረ ትውስታ ያለውን አውርዶ አዲስ ጽሑፍ ስለሚከለክል፣ እገዳው እስኪነሣ የሚወሰደው ቅጂ ወጥ ይሆናል።

ያ ክረምት አይመለስም። ጥናቴ በአንድ ክረምት ንባብ ላይ ብቻ ቆመ፤ ይህንንም በጥናቱ ውስንነት ክፍል ጻፍሁ። በዚያ ምሽት ከኮምፒውተሩ ካገኘኋቸው መልሶች ሁሉ የነገሩን ሁኔታ በትክክል የነገረኝ፣ እንደ እንቅፋት የቆጠርሁት የመጀመሪያው ነበር።