የቆረቆንዳው ፒፓ

አንድ የሰፈራችን ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጣና ስጦታ ሰጠኝ። ጫማ እንዳይመስላችሁ፤ ሞባይልም አይደለም። የበቆሎ ቆረቆንዳ! ጫፉ ተቦርቡሮ፣ ጎኑ ላይ ቀጭን ዘንግ ተሰክቶበት ፒፓ የሆነ ቆረቆንዳ።

“የሚዙሪ ዕቃ ነው፤ አንተ አጫሽ ስለሆንክ ትዝ አልከኝ” አለ ጮክ ብሎ። ዓደይ አጠገባችን ቡና እየቆላች ነበር። ማጨሴን የማታውቀዋ ዓደይ!

እስቲ እሷን ትንሽ እናቆያትና ስለ ፒፓው ላውጋችሁ። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው ይባላል። ሚዙሪ ውስጥ ዋሽንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የዋና ከተማዋ ሞክሼ። እዚያ ሄንሪ ቲቢ የሚባል፣ ከሆላንድ የፈለሰ እንጨት ሠራተኛ ይኖር ነበር። አንድ ገበሬ ቆረቆንዳ ይዞ መጣና “ፒፓ አድርግልኝ” አለው። ገበሬው ስለወደደው ቲቢ ሌሎችም ሠርቶ ሱቁ ውስጥ ደረደረ፤ ተሸጡለት። ኋላም የቆረቆንዳውን ሽንቁር በጀሶ እየደፈነ ማለስለስ ጀመረ፤ ለዚሁ ዘዴ በ1878 የፈጠራ መብት አወጣበት። በ1907 ኩባንያው ሚዙሪ ሚርሻም ተባለ። ሚርሻም ውድ ፒፓ የሚሠራበት ነጭ ድንጋይ ነው። የሚዙሪው ደግሞ የድሃ ሚርሻም መሆኑ ነው! ጄኔራል ማክአርተር በፎቶ ላይ አፉ ውስጥ ሰክቶት የምታዩት ትልቅ ፒፓ የእነዚሁ ሰዎች ሥራ ነው። ፋብሪካው ዛሬም አለ።

አሁን 1878ን ያዙልኝ። በእኛ 1870 ነው፤ አጼ ዮሐንስ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የጠሩበት ዓመት። ንጉሡ ትምባሆን አምርረው ይጠሉ ነበር። ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው ይነገራል። እንግዲህ አስቡት፤ እዚያ ሚዙሪ ፒፓው ሲመዘገብ፣ እዚህ ፒፓው የሚያርፍበት ከንፈር ነበር አደጋ ላይ!

ጣሊያናዊው ናሬቲ ለንጉሡ ያነጸላቸው ቤተ መንግሥት ያለው እዚሁ መቀሌ ነው። ከተማዋም የንጉሡ ጥላቻ የተላለፈባት ይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን ከለከለች። በ2019 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ክልከላውን በመላ አገሪቱ አወጀው። ደግነቱ ከንፈር አይቆርጥም።

ወደ ዓደይ እንመለስ። ፒፓውን ከእጄ ተቀብላ አገላበጠችው። “ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው” ስትል ልጅ ሆኜ ጀምሮ እሰማታለሁ። የዚያን ቀን ግን አርዮስን አላነሳችም።

“ወደይ፣ ጃኬትህን የማጥበው እኔ አይደለሁም እንዴ?” አለችኝ።

ታውቅ ኖሯል።

ትንሽ ቆየችና “አባትህንም በጃኬቱ ነበር ያወቅሁበት” አለች።

አባቴን የቀበርነው ዓመት ሙሉ ሲያስል ከርሞ ነው። ጓደኛዬ ስኒውን እያየ ዝም አለ። እኔ የምለው ጠፋኝ።

ከዚያ ዓደይ ጎንበስ አለችና ፒፓውን ፈርኔሎው ውስጥ ከተተችው። “ቆረቆንዳ ለእሳት ነው” አለች። ጀበናውን ጣደችበት።

ያን ፒፓ አንድም ጊዜ አልሳብኩበትም፤ ቡናችን ግን ፈልቶበታል። እኔም ይህን ስጽፍላችሁ ሲጋራ ከነካሁ አራተኛ ቀኔ ነው። አራት ቀን ምን አላት ትሉ ይሆናል። አጫሽ የሆናችሁ ግን ታውቋታላችሁ።