ያዳንኩት አውሮፕላን

ለዛሬ ፖለቲካውን ላሳርፈው አስቤ ነበር፤ እሱ ግን የሚለቅ አይመስልም። የዚህ ገጽ አንባቢዎች የሚያውቁኝ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት ስሟገት ነው። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አውሮፕላን እንደምሠራ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በቤት ውስጥ በሚበረርበት የምስለ በረራ ፕሮግራም ላይ የሚጨመር፣ እውነተኛውን የሚመስል አውሮፕላን መገንባት ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ያውም ደመወዝ የሌለው።

ዶክትሬቴን የሠራሁት በፈሳሾች መካኒክስ ስለሆነ ነገሩ ከሙያዬ ብዙ አይርቅም። የማይክሮሶፍት ምስለ በረራ ለረጅም ዘመን የቆመው በሠንጠረዥ ላይ ነበር። ሠሪው በዚህ ማዕዘን ክንፉ ይህን ያህል ያነሣል፣ በዚህ ፍጥነት ይህን ያህል ይጎተታል እያለ ቁጥሩን ይሞላል፤ አውሮፕላኑም የተባለውን ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ኤክስ-ፕሌን ግን ክንፉን በትንንሹ ሸንሽኖ አየሩ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚያሳድረውን ኃይል በየቅጽበቱ ያሰላል። ቅርጹን በትክክል ከሰጡት ጠባዩን ራሱ ያወጣል ማለት ነው። ይህን ተማምኜ በ2010 ዓ.ም. ቦይንግ 737 ማክስ 8 ወደ አገራችን ሲገባ ልሠራው ተነሣሁ። ከጫፍ ጫፍ 35.9 ሜትር የሆነውን ክንፍ በፕሌን ሜከር ዘረጋሁ፤ የአብራሪዎቹን ክፍል በብሌንደር ቀረጽኩ፤ የየማብሪያ ማጥፊያውን ጠባይ በሉዋ ቋንቋ ጻፍኩ። መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋብኝና ያላስቀመጥኩትን ሥራ ይዞብኝ እንደሄደ ቤት ይቁጠረው።

ከሁሉ የለፋሁት በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ባለው የትሪም መዘውር ላይ ነው። አግድሙ የጭራ ክንፍ ሲንቀሳቀስ ይህ ጥቁር ጎማ መሳይ ነገር፣ ነጭ ምልክቱን እያሳየ፣ እየተንኳኳ ይሽከረከራል። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ደግሞ እጀታውን አውጥቶ በእጅ ማዞር ይቻላል። ድምፁን ብቻ ለማስመሰል ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ኢቲ 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አስቀድሞ በጥቅምት 19 ቀን የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን ከ189 ሰዎች ጋር ባሕር ገብቶ ነበር። በሁለቱም ላይ ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት፣ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል ብሎ፣ የጭራውን ክንፍ እያዞረ አውሮፕላኑን ወደ ታች ደፈቀው። ይህን የወሰነው ደግሞ በአንድ ጠቋሚ ቃል ብቻ ነው። በኢቲ 302 የግራው ጠቋሚ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ይል ነበር።

እኔ በሠራሁት ማክስ ውስጥ ኤምካስ አልነበረም። የሠራሁት የአብራሪዎችን መመሪያ እያየሁ ነዋ! መመሪያው ስለ ኤምካስ አልተናገረም፤ እኔም ዝምታውን አብሬ ገልብጬዋለሁ። ኋላ ጨመርኩት፤ ሁለት ሌሊት በቃኝ።

የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት መጋቢት 26 ቀን ሲወጣ አውሮፕላኔን ቦሌ ላይ አቆምኩት። የግራውን ጠቋሚ አሳሳትኩ፤ ተነሣሁ፤ ሲደፍቀኝ በታዘዘው መሠረት የትሪሙን ኤሌክትሪክ ቆረጥኩ፤ ከዚያም መዘውሩን በማውስ አዞርኩት። ታዘዘልኝ፤ አፍንጫው ቀና አለ። አራት ጊዜ ሞከርኩ፤ አራቱንም ጊዜ አዳንኩት።

በግንቦት ወር በአሜሪካ ምክር ቤት አንድ እንደራሴ፣ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ይወጡት ነበር የሚል ሐሳብ ሲሰነዝሩ እንደማንም ተቆጥቻለሁ። በውስጤ ግን የማላወጣው ጥያቄ ነበረኝ፤ ታዲያ እኔ እንዴት አዳንኩት? ከዚያ ቀደም ብሎ በመምህራን ሻይ ቤት «መዘውሩን አጥብቀው ቢያዞሩት ኖሮ» ብዬም ነበር። ከጠረጴዛው አንዱ ባልደረባዬ ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። በአደጋው ዘመዱን እንዳጣ የሰማሁት በኋላ ነው።

በዚያው በግንቦት ቦይንግ የማክስ ማሠልጠኛ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት ባለመቻሉ ማረሚያ እንዳደረገለት አመነ። ጋዜጦች እንደገለጹት ጉድለቱ መዘውሩን በእጅ ለማዞር የሚጠይቀውን ጉልበት የሚመለከት ነበር። በሚሊዮን ዶላር የሚገዛው መሣሪያ የእኔኑ ስሕተት ይሠራ ነበር ማለት ነው። የራሴን ፋይል ከፈትኩ። መዘውሩ በማንኛውም ፍጥነት እኩል እንዲዞር ያዘዝኩባት አንዲት መስመር አለች። ድምፁን፣ ቀለሙን፣ ነጩን ምልክት አሳምሬ ክብደቱን ግን ረስቼዋለሁ፤ ያውም ይህን ለተማሪ የማስተምር ሰው!

የአየሩ ጫና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። በ200 ኖት ያለው ጫና በ340 ኖት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ኢቲ 302 ደግሞ የ340 ኖት ወሰኑን አልፎ ነበር። በዚያ ላይ አብራሪዎቹ መሪውን ወደ ራሳቸው ሲስቡ በጭራው ላይ የሚፈጠረው ኃይል ክንፉን የሚያንቀሳቅሰውን ረጅም ብሎን ይጫነዋል፤ መዘውሩም ይነክሳል። ለማላላት መሪውን መልቀቅ ያስፈልጋል፤ መሬት እየቀረበች ማን ይለቃል? ሞተሮቹ በመነሻ ኃይል ላይ መቆየታቸውን የሚያነሡ አሉ፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ የሁለቱ ወገን ፍጥነት እየተለያየ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ የሚወሰንን ነገር ሻይ እየጠጡ መፍረድ እንዴት እንደሚቀል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሪፖርቱ ላይ ረዳት አብራሪው በእጅ ልሞክር ብሎ ጠየቀ፤ ወዲያው በሴኮንዶች ውስጥ አልሠራም አለ። ያችን መስመር ቀድሞ አንብቤያት አልፌአታለሁ።

ማክስ የተሸጠው ለ737 አብራሪዎች አዲስ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም በሚል ነበር። ለአንድ የአሜሪካ አየር መንገድ፣ ሥልጠናው ካስፈለገ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀነስለት ውል ተገብቶለት ነበር። በዚያ ውል መሠረት ዝምታም ዋጋ ነበረው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 አውሮፕላኑ ዳግም ሲፈቀድ ሥልጠናው ግዴታ ሆነ።

ወደ ባልደረባዬ ቢሮ ሄጄ ያገኘሁትን ነገርኩት። ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው አልሰማኝም።

«አስተካከልከው?» አለኝ።

«ገና ነው።»

«እንግዲያው አስተካክለው።»

ጆይስቲክ ጉልበት አያውቅም፤ ማውስም እንዲሁ። ስለዚህ ጫናው ባደገ ቁጥር መዘውሩ እየዘገየ እንዲሄድና ከልክ ሲያልፍ እንዲቆም አድርጌ ጻፍኩት። እንደገና አራት ጊዜ ተነሣሁ። አንዱንም አላዳንኩም።

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ መጥቶ ያንኑ በረራ ሞከረው። ኤሌክትሪኩን ቆረጠና መዘውሩን ለማዞር ይጎትት ጀመር፤ ደጋግሞ ጎተተ።

«ጋሼ፣ ማውሱ ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ።

«አልተበላሸም» አልኩት።