ማሽኑ ሲደምር እኛ ምን እንሠራለን?

ከእናንተ መካከል አካውንቲንግ የሚማር አለ። «ተመርቄ ስወጣ ሥራው ይኖር ይሆን?» የሚለው ጥያቄ እንደሚያስጨንቀው አውቃለሁ፤ ወጣቶች ከኅብረት በኋላ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ቆቦ ላይ የነጋዴ ሂሳብ እየሠራሁ ስለምኖር የማየውን ልንገራችሁ።

መደመርና መቀነስ እንጀራ መሆኑ አብቅቷል። እኔ ስማር ፒችትሪ የቻለ ሰው ባለሙያ ይባል ነበር። ዛሬ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ራሱ ያሰላል፤ በ2013 ዓ.ም. የመጣው ቴሌብርም የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ከነሰዓቱ ያስቀምጣል። ቅጽ መሙላት ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ግን ማሽኑ የሚደምረው የተነገረውን ነው። የራያን ቆላ ታውቁታላችሁ። ነጋዴው ማሽላውን ከገበሬ ይገዛል፤ ገበሬው ደረሰኝ የለውም። ከመስኖ ማሳ የጫነው ሽንኩርት መንገድ ላይ በሙቀቱ ይበሰብሳል። ማስረጃ የሌለው ወጪ ለግብር አይያዝለትምና ያላተረፈው እንደ ትርፍ ይቆጠርበታል። የግዥ ማረጋገጫ የሚባል ሰነድ እንዳለ፣ የተበላሸውም በዚያው ቀን ተመዝኖ መጻፍ እንዳለበት የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው መጋዘን መግባት አለበት። (የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ የማይችል አካውንታንት ቆቦ አይሆነውም።)

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ብዙው ትንሽ ነጋዴ መዝገብ አልነበረውም፤ ገማች አይቶ ገመተለት። «በዛብኝ» ቢል በእጁ የሚያሳየው ወረቀት የለም።

ከዚያ የከበደው እኛ ጋ ደረሰ። ጦርነቱ በ2013 ሐምሌ፣ እንደገናም በ2014 ነሐሴ ከተማችን ሲገባ ከዕቃው ጋር መዝገቡም የጠፋበት ነበር። ይህን የትኛው ሶፍትዌር ይመልሳል? አቅራቢውን፣ ሹፌሩን፣ የዱቤ ደንበኛውን፣ የባንክ መግለጫውን እያመሳከርን ወራት ፈጀ። አንዱ መቶ ኩንታል ጠፍቶበት «ሁለት መቶ ብለህ ጻፍልኝ» ይላል። ሌላው ሃምሳ ጠፍቶበት ማስረጃ ስለሌለው አንገቱን ደፍቶ ሊወጣ ይነሣል። ለፊተኛው እምቢ ማለት፣ ኋለኛውን መልሶ አስቀምጦ «ከማን ነበር የገዛኸው?» ብሎ ከሥሩ መጠየቅ፣ እኔ ሙያ የምለው ይህን ነው። የፊተኛው ትቶኝ ሄደ፤ እሺ የሚለው አላጣም። (ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ከማን ስንት እንደወሰደ የሚያይበት መዝገብ ሳይኖረው አይቀርም እላለሁ።)

የምትማሩ ኤክሴልን በደንብ ያዙ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008ን ከ2017ቱ ማሻሻያ ጋር ራሳችሁ አንብቡ፤ ነጋዴው አዋጁን የሚሰማው ከሰው አፍ ነው፣ ብዙ ጊዜም በትክክል ካላነበበው ሰው። ቤተሰባችሁ ሱቅ ካለው ደግሞ በዚህ ክረምት የዱቤ ደብተሩን ተቀበሉና አንድ ወር እናንተ ጻፉት።