«ከእነዚህ አንዳቸውም»

በመምህራን ክበብ አብሮኝ ቡና የሚጠጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አለ። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ «ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሃል?» እያለ ነው። ምንም እንደማይከፍሉኝ ስነግረው ያዝንልኛል፤ ሲብስበት ደግሞ ይጠረጥረኛል። አልፈርድበትም። ደመወዝ ወር ማድረስ ባቃተው ዘመን፣ አንድ የስታትስቲክስ መምህር ቅዳሜና እሑዱን ሠውቶ ለማንም በነፃ የሚታደል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጠጋግን ቢገኝ፣ ያውም በዓይኑ አይቷቸው ከማያውቅ ሰዎች ጋር፣ ወይ ጤና አጥቷል ወይ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ያገራችን ደንብ ነው። ዛሬ መልሴን በጽሑፍ ላድርገው።

ነገሩ ደቢያን ስለሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ነው። ሊኑክስ በራሱ የኮምፒዩተሩ ልብ ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ተሰብስበውና እርስ በርስ እንዲስማሙ ተደርገው ሲቀርቡ «ስርጭት» ይባላል። ደቢያንን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ስሙን ያወጣው ከፍቅረኛው ከዴብራና ከራሱ ስም አጋጥሞ ነው። መርዶክ በ2015 ከዚህ ዓለም ቢለይም ሥራው ያለ ኩባንያና ያለ ባለቤት ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው 13ኛው እትም 70 ሺህ የሚጠጉ ፓኬጆችን ይዟል። ለእነዚህ ፓኬጆች ኃላፊነት የሚወስዱት ሰዎች በእንግሊዝኛው «ሜንቴነር» ይባላሉ፤ እኔ «ባለአደራ» እላቸዋለሁ።

ከሊኑክስ ጋር የተዋወቅሁት በ1998 ዓ.ም. ገደማ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተሮች በፍላሽ በሚዛመት ቫይረስ ታመው ተኝተው ነበር። ኡቡንቱ የተባለው፣ ከደቢያን ላይ የተሠራው ስርጭት፣ በዚያን ጊዜ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር (ይህ ልግስና በ2011 ቆሟል)። ከፖስታ ቤት ይዤው የወጣሁትን ሲዲ አንድ ሌሊት ጭኜ አደርኩ። ጥቂት ቆይቶ ከወንዙ ወደ ምንጩ መውጣት አማረኝና ወደ ደቢያን ተሻገርኩ።

ያሰረኝ ግን የነፃነቱ ወሬ አልነበረም። በእኛ አገር ሶፍትዌር በእጅ ነው የሚዞረው፤ ከጓደኛ ፍላሽ፣ ከመርካቶ ሱቅ፣ ከማይታወቅ ሰው ሃርድ ዲስክ። በደቢያን እያንዳንዱ ፓኬጅ ከይዘቱ የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር አለው። የቁጥሮቹ መዝገብም የራሱ አሻራ አለው። ያን አሻራ የያዘው የመጨረሻው ሰነድ በደቢያን ቁልፍ ይፈረማል። ኮምፒዩተሩ አንዲት ፓኬጅ ከመጫኑ በፊት ይህን ሰንሰለት እስከ ፊርማው ድረስ ይመረምራል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ አይቀበልም። እንግዲህ በመንገድ ላይ ዕቃው በማን እጅ እንዳለፈ መጠየቅ አያስፈልግም ማለት ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በየቤታቸው ይሠሩ ለነበሩ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎቼ የፓኬጆቹን ቅጂ የያዘውን ሃርድ ዲስኬን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክሁላቸው። ሹፌሩን አላውቀውም። ማወቅም አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያው ተሳትፎዬ ትርጉም ነበር። የደቢያን መጫኛ አማርኛ እንዲናገር ከእኔ በፊት የደከሙ ወገኖች አሉ፤ እኔ የያዝኩት በዙሪያው ያሉትን ትናንሽ ፕሮግራሞች ነው። የሚያስቅ ሥራ ነው። በዚያ ዓለም «ወላጅ» የሚባል ሂደት «ልጅ» ይወልዳል፤ ልጁ ሞቶ ወላጁ ሞቱን ካልመዘገበለት «ዞምቢ» ይሆናል። ከጀርባ ሆኖ ዝም ብሎ የሚያገለግለው ፕሮግራም ደግሞ «ዴመን» ይባላል፤ በቀጥታ ብንመልሰው ጋኔን ማለት ነው። እንዳለ ብንተረጉመው የአንዲት የባንክ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ጧት ሲከፈት «ጋኔኑ ተነሥቷል፤ ልጁም ተገድሏል» ሊላት ነው፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የሚወሰደው ወደ ጠጋኝ ሳይሆን ወደ ጠበል ነው። «ልጁ ተገድሏል» የሚለውን «ንዑሱ ሂደት እንዲቋረጥ ተደርጓል» ብለን አለዘብነው። ጋኔኑን ምን እንደምንለው ግን ለሳምንታት ተከራክረን «አገልጋይ» ስንል፣ ያ ቃል ለሰርቨር ተይዟል የሚል ተቃውሞ መጣ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ከትርጉም ወደ ፓኬጅ፣ ከፓኬጅ ወደ አባልነት ለመሻገር ዓመታት ወሰደብኝ። አባል የሚሆን ሰው የራሱ ዲጂታል ቁልፍ ሊኖረው፣ ያም ቁልፍ በአካል ባገኘው ነባር አባል ሊፈረምለት ይገባል። ለአንድ ጉባኤ ናይሮቢ በሄድኩ ጊዜ አንድ አባል በሆቴል አዳራሽ አገኘሁ። ፓስፖርቴን ከፊቴ ጋር አስተያየ፤ የቁልፌን 40 ፊደላትና አኃዞች አንድ በአንድ አነበብኩለት፤ ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ። ቡና እንኳ ሳንጠጣ ተለያየን። ከዚያ በኋላ በኢሜይል ፈተና መጣ። ስለ ፈቃድ ዓይነቶች፣ ስለ አሠራሩ፣ ስለ ማኅበራዊ ውሉ በጽሑፍ ተጠየቅሁ። በ1997 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ይህ ውል ከሚያዝዛቸው ነገሮች አንዱ ችግርን አለመደበቅ ነው። ማንኛውም እንከን በይፋ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተመዘገቡት ከአንድ ሚሊዮን አልፈዋል። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ርዕስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ብቻ የሚደርሰውን የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲጽፍ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ፤ እንደ ሙያዬም እንደ ዜግነቴም የምወደው ክፍል እርሱ ነውና።

ወደ አንድ ሺህ የሚሆኑት አባላት በየዓመቱ መሪ ይመርጣሉ። መራጩ ዕጩዎችን እንደ ምርጫው በቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ቆጠራው ሁለት ሁለቱን እያጋጠመ የትኛው በብዙዎች ዘንድ እንደተመረጠ ያያል። የሐሳቡ አባት ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ነው (በአብዮቱ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1794 በእስር ቤት የሞተው)። በወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ዕጩ አለ፤ «ከእነዚህ አንዳቸውም» ይባላል። ይህን ስም የለሽ ዕጩ ያላሸነፈ ሰው መሪ አይሆንም። ድምፁ ምስጢር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መራጭ የምስጢር ቁጥር ይደርሰውና ምርጫው ሲያበቃ የሁሉም ድምፅ በየቁጥሩ ተዘርዝሮ ይወጣል። የራስህን ድምፅ ፈልገህ ታያለህ፤ ከፈለግህም ሁሉንም እንደገና ትቆጥራለህ። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ቆጥሬያለሁ፤ ውጤቱ ልክ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት ስለ ቆጠራ ሲከራከር ያመሸ ትውልድ አባል መሆኔን አንባቢ ያስታውስልኝ። በሕይወቴ ድምፄ የት እንደ ደረሰ በዓይኔ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

የሚመረጠው መሪ ግን የሚያጓጓ ሥልጣን የለውም። ሕገ ደንቡ ማንም ሰው ሥራ እንዲሠራ እንደማይገደድ በግልጽ ይናገራል፤ የሚከለክለው የተወሰነውን ሆን ብሎ ማደናቀፍን ነው። በ2019 ለመሪነት የሚወዳደር ሰው ጠፍቶ የዕጩዎች መመዝገቢያ ጊዜ በአንድ ሳምንት ተራዝሟል። ወንበር ተቀማጭ ያጣበት አገር!

ጠብም አለ። በ2014 ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አገልግሎቶቹን ሁሉ የሚያስነሣው ፕሮግራም «ሲስተምዲ» ይሁን አይሁን በሚለው ጉዳይ የቴክኒክ ኮሚቴው ስምንት አባላት አራት ለአራት ተከፈሉ፤ የሰብሳቢው ድምፅ ለሲስተምዲ ወሰነ። ያኔ አባል ባልሆንም ክርክሩን ሌሊት ሌሊት ተከታትያለሁ። መረር ያለ ነበር። ከኮሚቴው የለቀቁ አሉ። ውሳኔውን ያልተቀበሉ ሰዎችም ኮዱን ሁሉ ቀድተው ሄዱና ዴቭዋን የተባለ የራሳቸውን ስርጭት መሠረቱ፤ የመጀመሪያ እትማቸው በ2017 ወጣ። ከሃዲ ተብሎ ንብረቱን የተነጠቀ የለም። ደቢያንም አልጎደለበትም።

ይህን ስነግረው «እንግዲያው አገርም እንዲህ ይተዳደር!» የሚል ወዳጅ አለኝ። አልስማማም። ኮድ ሲቀዳ አይጎድልም፤ ውኃ ሲቀዳ ይጎድላል፣ መሬት ደግሞ ከነጭራሹ አይቀዳም። አንድ ሺህ ሰዎች ተፈትነው በፈቃዳቸው የገቡበትና በአንድ ኢሜይል የሚሰናበቱበት ማኅበር ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከተወለደበት አገር ጋር አይመዛዘንም። ሆኖም ኮድ ስለሚቀዳ ብቻ ያልመጡ ነገሮችም አሉ። የቆጠራው ዝርዝር እንዲታተም የወሰነው ሰው ነው። «ከእነዚህ አንዳቸውም» የሚለውን መስመር በወረቀቱ ላይ ያሰፈረውም ሰው ነው፤ ለማስፈር የፈጀው ቀለም ጥቂት ነው።

የሥርዓቱን ጉድለት ያየሁት በሌላ በኩል ነው። ኤክስዜድ የተባለ ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም አለ፤ ሁሉም ሊኑክስ ይጠቀምበታል ማለት ይቻላል፤ ለዓመታት ይጠብቀው የነበረው ግን አንድ ሰው ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም ያለው ትጉህ ረዳት መጣለት። በ2022 ደግሞ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ዋናውን ሰው «ዘገየህ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ያስጨንቁት ጀመር። የደከመ ሰው ስለነበር ለትጉሁ ረዳት ሥልጣን ሰጠ። ረዳቱም በ2024 መጀመሪያ በወጡ ሁለት እትሞች ውስጥ፣ ሰርቨሮችን ከርቀት በምስጢር ለመክፈት የሚያስችል የኋላ በር ደበቀ። የተገኘው በአንድ ሰው ንቃት ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ በመሰናዶ ላይ ባለው የደቢያን ቅርንጫፍ ሲሠራ፣ ከርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው። ግማሽ ሰከንድ! ተከታትሎ በማርች 2024 ጉዱን አወጣው። ጉዱ ወደ ተረጋጋው እትም ገና አልደረሰም ነበር። ያ የፊርማ ሰንሰለት፣ እኔ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ተማምኜ የላክሁት፣ በዚህ ጊዜ አልተሰበረም። ዕቃው የተመረዘው ገና ሳይፈረም ነው።

ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እኔ ባለአደራ ለሆንኩበት አንዲት የግዕዝ ፊደል ፓኬጅ አንድ የማላውቀው ሰው ማስተካከያ ላከልኝ። ሥራው የጠራ ነው፤ ደብዳቤው ትሑት ነው። «ጊዜ ካጠረህ ፓኬጇን ልረከብህ እችላለሁ» ይላል። ጊዜ ማጠሩስ እውነት ነው፤ የፕሮግራሙ ዋና ደራሲ መልስ ከሰጠ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እኔም የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኛል። ቁጭ ብዬ ሳስብ ግን ወደ አፌ የመጣው የባልደረባዬ ጥያቄ ነበር፤ ይህን ሰው ማን ይከፍለዋል? ኮዱን መስመር በመስመር ሦስት ሌሊት መረመርኩ። እንከን የለበትም። ማስተካከያውን ተቀብዬ ፓኬጇን ግን አልሰጠሁም። ሰውየው ምክንያቴ እንደሚገባው ጻፈልኝ፤ እስከ ዛሬም በየጥቂት ወሩ ጠቃሚ ነገር ይልካል። ምናልባትም ልክ እንደ እኔ ቅዳሜና እሑዱን የሚሠዋ አንድ መምህር ይሆናል።

አብሮኝ አደራውን እንዲይዝ የጋበዝኩት የቀድሞ ተማሪዬን ነው፤ ዛሬ ሐዋሳ ይሠራል። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ሲመጣ ቁልፉን ልፈርምለት ተቀጣጥረናል። መታወቂያውን እንዳይረሳ ስነግረው «ዶክተር፣ አራት ዓመት ሙሉ አስተምረውኝ መታወቂያ?» ብሎ ሳቀብኝ። ፋይዳውን ይዞ ይመጣል፤ አርባዎቹንም አንድ በአንድ ያነብልኛል።