ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን በማለዳ ተነሣን። ወሩ ኅዳር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት። ታዲያ ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ከየቤቱ የኩበት ጭስ ይወጣል። እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አገኘን። ያንዱ ዓይን ቀልቷል። ዓይናሩ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። «ፊትህን ታጥበሃል?» አልነው። «ውኃው እኮ ይቀዘቅዛል!» አለን። እኛም ያን ቀን ጠዋት አልታጠብንም ነበርና ዝም አልን።

እንዲህ ያለ ልጅ ትራኮማ ሊኖርበት ይችላል። ትራኮማን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ዝንብ፣ እጅና ጨርቅ ካንዱ ልጅ ዓይን ወደ ሌላው ያደርሱታል። ዝንብ የምትመጣው ዓይናርና ንፍጥ ፍለጋ ነው። ፊቱ ንጹሕ ከሆነ ምን ታገኛለች?

ልጆቹን ተከትለን ትምህርት ቤታቸው ገባን። አስተማሪው ስለ ወስፋት ክኒን አጫወቱን። ይኸ ክኒን በአገር ደረጃ በየትምህርት ቤቱ መታደል የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ክኒኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ያስወጣል። አፈር ላይ ያለውን እንቁላል ግን አይነካውም። ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው የትሉን እንቁላል አፈር ላይ ይጥላል። ልጅ በአፈሩ ይጫወታል፤ እጁን ሳይታጠብ ቆሎ ይበላል። ወስፋቱ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። የትራኮማውም መድኃኒት እንዲሁ ነው። ተሕዋሱን ይገድላል፤ ፊት ግን አያጥብም።

በግቢው አንዲት ጀሪካን ተሰቅላለች። ከታች ተበስታ በእንጨት ተወትፋለች። ፀሐይ ውኃውን ለብ ስታደርገው ልጆቹ ተሰልፈው ይታጠባሉ። ለአንድ ልጅ ፊትና እጅ አንድ ጣሳ በቃው።

ከቀትር በኋላ አንኮበር ደረስን። ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት መቀመጫቸው እዚህ ነበር። ከኮረብታው ላይ ሲያዩ ቆላው ወደ አፋር ተዘርግቶ ይታያል።

እዚያ ያገኘናቸው እናት ግን ቆላውን አጥርተው አያዩትም። አንገታቸው ላይ ወረንጦ አንጠልጥለዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተመላለሰው ትራኮማ የዓይናቸውን ቆብ ከውስጥ አጠባስሶታል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። «እነቅለዋለሁ፤ ተመልሶ ይበቅላል» አሉን። በዚህ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይጎዳሉ። ከሕፃናት ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

ቆቡን የሚያቃና ትንሽ ቀዶ ሕክምና እንዳለ ነገርናቸው። የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያተርፋል። ጤና ጣቢያ ሄደው ቶሎ እንዲታዩ ለመንናቸው።

«ገብሱስ?» አሉ፣ ወደ ማሳው ዞረው።

ልጃቸው ማጭዱን አነሣ። «እማዬ፣ ገብሱን እኔ አጭዳለሁ። አንቺ ሂጂ» አላቸው።